ቬቶ ያልሰጠው ስምምነት

ለዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

አመልካች፦ በፖለቲካ ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነት ትምህርት ክፍል ረዳት መምህር (ስምና የመታወቂያ ቁጥር በአባሪ አንድ ተመልክቷል)
ቀን፦ ኅዳር 9
አባሪ፦ አራት

ጉዳዩ፦ ሟች ተማሪ ባልሰጠው ስምምነት የተያዘበት መዝገብ እንዲታረም ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

ለጽሕፈት ቤትዎ ያለኝን አክብሮት በማስቀደም የማቀርበው ይህ አቤቱታ ሦስተኛዬ ነው። የመጀመሪያው ስድስት መስመር ነበር፤ ሁለተኛው ግማሽ ገጽ። ሁለቱም ቁጥርና ማኅተም ያለው ጨዋ መልስ አግኝተዋል። ይኸኛው የረዘመው ክቡርነትዎን ለማድከም አይደለም። በፊተኞቹ ውስጥ ማስገባት የነበረብኝን አንድ ነገር ስላስቀረሁ ነው። እሱን በተራ ቁጥር 8 ላይ ያገኙታል። ቀድመው ወደዚያ እንዳይዘሉብኝ ግን አደራ እላለሁ፤ ከዚያ በፊት ያለው ካልተነበበ ጉዳዩ አይገባም።

1. እኔ አመልካች ባለፈው ዓመት ከትምህርት ክፍሉ በአንደኛነት ተመርቄ ከመስከረም ጀምሮ እዚያው በረዳት መምህርነት እሠራለሁ። በመጨረሻው ዓመት «የድርድር ልምምድ» በተባለው ኮርስ የስድስት ተማሪዎች የልዑካን ቡድን መሪ ነበርኩ። አቤቱታዬ የሚመለከተው ከስድስታችን አንዱን ነው። ሙሉ ስሙ በአባሪ አንድ ሰፍሯል። እዚህ ግን ክፍሉ በሙሉ ይጠራበት በነበረው ቅጽል ስም ቬቶ እለዋለሁ። ሙሉ ስሙን ለመጨረሻ ጊዜ የጻፍኩት በምን ዓይነት ወረቀት ላይ እንደሆነ ወደ ታች ይደርሱበታል፤ ከዚያ ወዲህ ልጽፈው ስል እጄ እሺ አይለኝም።

2. ኮርሱ እንዲህ ነው። ተማሪው በቡድን በቡድን ይከፈልና እያንዳንዱ ቡድን በዕጣ አንድ አገር ይደርሰዋል። አንድ ሴሚስተር ሙሉ በዚያች አገር ስም ይደራደራል፤ መጨረሻ ላይ አንድ የጋራ ሰነድ ያስገባል፤ ውጤቱም የጋራ ነው። ለእኛ የደረሰችን በሁለት ጉልበተኛ ጎረቤቶች መካከል የተሸጎጠች ትንሽ አገር ነበረች። ጎረቤቶቿ በወንዝ ይጣላሉ፤ እኛ መሐል ቆመን ውኃም ሰላምም እንለምናለን። ሦስተኛ ፎቅ ባለው አዳራሽ ጠረጴዛዎቹ እንደ ፈረስ ኮቴ ተደርድረው፣ የየአገሩ ስም የተጻፈበት ካርቶን ፊት ለፊታችን ይተኛል። መናገር የፈለገ ካርቶኑን ያቆማል። ከማይክሮፎኖቹ አንዱም አይሠራም ነበር፤ እኛ ግን ቀዩን ቁልፍ ሳንጫን ቃል አይወጣንም። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን የምር ነበር።

3. የኮርሱ መመሪያ አንቀጽ ሰባት «የዝምታ ሥርዓት» ይባላል። የቡድኑ መሪ አንድ የውሳኔ ሐሳብ ለአባላቱ በጽሑፍ ይልካል፤ ቀንና ሰዓት ይቆርጣል፤ እስከዚያች ሰዓት በጽሑፍ የተቃወመ ከሌለ ሐሳቡ በሙሉ ስምምነት እንደጸደቀ ይቆጠራል። በዝምታው ጊዜ መሪው ማንንም አባል ማግባባትም ሆነ መጫን አይችልም። መምህራችን፣ ጡረታ የወጡ ዲፕሎማት፣ ይህን አንቀጽ ከሁሉም አብልጠው ይወዱት ነበር። «ዝም ያለ ሰው የሚለው የለውም ማለት ነው፤ አትጨነቁለት» ይሉን ነበር። ይህንኑ በፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ።

4. ቬቶ ይህን ስም ያገኘው ምንም ነገር ሳይቃወም ስለማያሳልፍ ነው። ምሳ ስድስት ሰዓት ተኩል ይሁን ሲባል ይቃወማል፤ እሺ ሰባት ይሁን ሲባልም ይቃወማል። ሁለት ዓመት በአንድ ዶርም ኖረናል። ካልሲዬን ሳያስፈቅድ አድርጎ፣ ተቀዷል ብሎ እኔኑ የሚወቅሰኝ ሰው ነበር። አንድ ጊዜ ረቂቄን «ይህ ዓረፍተ ነገር ማንንም አይዋሽም፤ ግን ለማንም እውነት አይናገርም» ብሎ ጠርዙ ላይ ጽፎ መለሰልኝ። ተናድጄ ሦስት ቀን አላናገርኩትም። በአራተኛው ቀን ዓረፍተ ነገሩን አወጣሁት። ከሃያ ስድስቱ ገጽ የጋራ ሰነዳችን ወንዙን የሚመለከቱት አሥራ አንዱ ገጾች የእሱ ናቸው፤ ቡድናችንን አንደኛ ያደረጉትም እነሱ እንደሆኑ መምህራችን በማረሚያው ላይ በእጃቸው ጽፈዋል (አባሪ አንድ)። እኔም እነዚያን ገጾች በእሱ ስም አላስገባኋቸውም።

5. በመጨረሻው ዓመት ቬቶ ከዶርም ወጥቶ ከግቢው ውጭ አንዲት ክፍል ተከራየ። ግንቦት መጀመሪያ ላይ ሦስት ስብሰባ በተከታታይ ቀረ። ስልክ አያነሳም። ለአንዷ የቡድናችን አባል «አሞኛል» የሚል መልእክት ልኮ ነበር፤ ስታነብልን ሳቅን። ፈተና በደረሰ ቁጥር ራሴን አመመኝ ይል ስለነበር አላመንነውም። ሰነዱ የሚገባበት ቀን ደርሷል፤ የሁሉም አባላት ፊርማ ከሌለበት ደግሞ አይቀበሉትም። አንደኛ ለሚወጣው ቡድን መሪ የረዳት መምህርነት ቦታ እንደሚታጭለት ሁላችንም እናውቃለን፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም አብልጬ አውቅ ነበር።

ዓርብ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በቡድናችን ቴሌግራም የውሳኔ ሐሳብ ላክሁ፦ አንድ አባል ባለመሳተፉ ከቡድኑ ይሰናበት፤ ተቃውሞ ያለው እስከ ሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ያቅርብ። አራቱ ምንም አልጻፉም። ቬቶም ምንም አልጻፈም። ሰኞ ልክ አራት ሰዓት ሲሆን ቃለ ጉባኤውን ከፍቼ ሙሉ ስሙን በእጄ ጻፍኩና እንዲህ ብዬ ቀጠልኩ፦ «የሚመለከተው አባል በተሰጠው የጊዜ ገደብ ተቃውሞ ባለማቅረቡ ከቡድኑ ለመሰናበት መስማማቱ ተረጋግጧል።» ዓረፍተ ነገሩ የእኔው ነው። ሁለት ጊዜ አንብቤው ደስ አለኝ። በአምስት ሰዓት ለትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ አስረከብኩ። በምሳ ሰዓት እንኳ ሲቃወም የኖረ ልጅ በገዛ ራሱ መባረር ላይ ዝም አለ ሲባል፣ ከአምስታችን አንዳችንም «ኧረ ይሄ ነገር ደግ አይደለም» አላልንም።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ አከራዩ ሴትዮ በሩን አስከፈቱ። ቬቶ አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። የሐኪሙ ወረቀት (አባሪ ሁለት) የሳንባ ምች ነው ይላል፤ ሕይወቱ ያለፈውም ሰኞ ከመንጋቱ በፊት እንደሆነ ይገምታል። እኔ ተስማምቷል ብዬ ስጽፍ ከሞተ ሰዓታት ተቆጥረዋል ማለት ነው።

6. ከቀብሩ በሳምንቱ ውጤት ተለጠፈ። እኛ ኤ፣ እሱ ኤፍ፣ በአንድ ወረቀት ላይ። አየሁት፤ አንድም ቃል አልተነፈስኩም። በክረምቱ ነገሩ ተረስቶ የሚቀር መሰለኝ፤ እንዲረሳም ፈልጌ ነበር።

እናቱ በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገሉ ሴት ናቸው። ነሐሴ ላይ የልጃቸውን ትራንስክሪፕት በማስታወሻነት ለማስቀመጥ ብለው ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጡ። መስኮት ሦስት ላይ ያለችው ሠራተኛ ወንበር ስባ አስቀምጣ፣ አክብራ ሰጠቻቸው፤ እርሷን አመሰግናለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ወረቀቱን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ይከት ነበር። እርሳቸው ግን መዝገብ ማንበብ እንጀራቸው ነውና እስከ ታችኛው ማስታወሻ ድረስ አነበቡት። «ከቡድን ሥራ በራሱ ስምምነት የተሰናበተ» ይላል፤ ቀኑም ተጽፏል። ያን ቀን ከሐኪሙ ወረቀት ጋር ጎን ለጎን አደረጉት። አንድ ቀን ሆኖ አገኙት።

መስከረም ላይ፣ ገና ጠረጴዛ በተሰጠኝ ሳምንት፣ የቃለ ጉባኤውን ፈራሚ ጠይቀው ጠያይቀው እኔ ዘንድ ደረሱ። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ። «አንተ ነህ የፈረምከው የእኔ ልጅ? እስቲ ንገረኝ፣ ልጄ በቃኝ ብሎ ነው ወይ?» አሉኝ። ታሞ ነው አልኳቸው። «እሱማ ታሞ ነው፤ አውቃለሁ። ሐኪም ቤት ለምን አልሄደም? እኔ እናቱ እዚያው የምሠራ፣ ለምን አልደወለልኝም? ተባረርኩ ብሎ አፍሮ፣ ተስፋ ቆርጦ ተኝቶ ነው። ተስማምቷል ይላል እኮ ወረቀታችሁ።» ክቡር ሆይ፣ እኚህ እናት ዛሬም የሚያምኑት ልጃቸው መሞትን እንደመረጠ ነው፤ ለዚህም ማስረጃቸው የእርስዎ ማኅተም ያረፈበት የእኔ ዓረፍተ ነገር ነው።

7. እናቱ የቬቶን ስልክ እሱ ከሞተ ጀምሮ በየሁለት ቀኑ ቻርጅ እያደረጉ ያኖሩታል። የመክፈቻ ቁጥሩን ታናሽ እኅቱ ታውቀዋለች። ሦስታችን ሆነን ስናየው የዓርቡ መልእክቴ ሳይነበብ ተቀምጧል፤ ከዋዜማው ሐሙስ ወዲህ የገባ አንድም መልእክት አልተከፈተም (አባሪ ሦስት)። እናቱ ይህን እንዳዩ «ታዲያ ይታረማ» አሉ። እርሳቸው ዘንድ በካርድ ላይ ስህተት ሲገኝ በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል፣ ያረመው ሰው ይፈርምበታል። የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። እኔም የሩብ ሰዓት ሥራ መስሎኝ የመጀመሪያውን አቤቱታ አስገባሁ።

የተሰጠኝ መልስ፣ የመዝገብ ማስተካከያ የሚጠየቀው ባለጉዳዩ ራሱ በአካል ቀርቦ ሲያመለክት ብቻ ነው የሚል ነበር። በዚህ አልቀየምኩም፤ ቅጹ ሟችን ታሳቢ አድርጎ አልተዘጋጀም። ሁለተኛው መልስ ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል፤ ትክክል ስለሆነ። «መልእክቱ በስልኩ ላይ አለመነበቡ፣ ሟቹ ውሳኔውን ከሌላ ሰው በቃል አለመስማቱን አያረጋግጥም» ይላል። ይህን የጻፈው ባለሙያ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ቬቶ ቢኖር ኖሮ ይወደው ነበር። አራቱ የቡድን አባላት ከዓርብ እስከ ሰኞ በአካልም በስልክም እንዳላገኙት ፈርመው ሰጥተውኛል (አባሪ አራት)። የአምስተኛው ሰው ፊርማ እዚያ ላይ የለም። አምስተኛው እኔ ነኝ።

8. እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እሱ የሚኖርበት ግቢ ሄጄ ነበር። ይህንን እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ ለማንም አልተናገርኩም።

ግቢው በአንድ መስመር የተሠሩ አምስት ክፍሎች አሉት፤ የእሱ የመጨረሻው ነው። ሽቦው ላይ አንሶላ ተሰጥቶ ስለነበር ጎንበስ ብዬ አለፍኩ። ጫማው ደጃፍ ላይ ነበር። ከበሩ ፊት ቆሜ ስልኩ ላይ ደወልኩ፤ ከውስጥ ሲጠራ ሰማሁት። ጠርቶ ጠርቶ አቆመ። ቤት ቁጭ ብሎ አያነሳልኝም ብዬ ደሜ ፈላ። ከዚያ ሲያስል ሰማሁ።

ለማንኳኳት እጄን አነሳሁ፤ መልሼ ኪሴ ከተትኩት። በዝምታው ጊዜ አባልን ማግባባት ክልክል ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ መመሪያ አክባሪ ሆኜም ተመለስኩ። በዚህ ብቻ ብተወው ለእኔ ይሻለኝ ነበር፤ ነገር ግን መሐላ ልፈጽምበት የምችለው እውነት እንዲህ ነው። ካንኳኳሁ ይከፍታል። ከከፈተ ይቃወማል። ከተቃወመ ውሳኔው ይወድቃል፤ በሰነዱም ላይ ሲከራከር ሳይፈርም ቀኑ ያልፋል፤ የረዳት መምህርነቱም ቦታ ወደ ሌላው ቡድን ይሄዳል። ይህን ሁሉ በሩ ላይ ቆሜ አስቤዋለሁ። አላንኳኳሁም።

ስለዚህ ለክቡርነትዎ ጽሕፈት ቤት ጥያቄ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ሟቹ ውሳኔውን ከሌላ ሰው በቃል አልሰማም። ሊነግረው ደጃፉ ድረስ የሄደ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ሳይነግረው ተመልሷል።

ሐኪም ቤቱ ከዚያ ግቢ በእግር የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ከዚያ ወዲህ ስድስት ጊዜ ሄጄበታለሁ። የታመመ ሰው ደግፌ እንደምሄድ ሆኜ፣ በየመንገዱ እየቆምኩ ስሄድ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። የሰፈሩ ሰዎች ሳያውቁኝ አልቀሩም፤ አንዷ ባለ ሱቅ «ምን ጠፍቶብህ ነው?» ብላኛለች።

9. ይህኛው ተራ ቁጥር ለውሳኔ አይጠቅምዎትም፤ ሆኖም ስለማስጨንቃቸው ተማሪዎች ማወቅ ይገባዎታል። ዘንድሮ ያንኑ ኮርስ በዚያው አዳራሽ የማስተምረው እኔ ነኝ። «ተቃውሞ ያለው?» ብዬ ከጠየቅሁ በኋላ መቀጠል አልችልም። ዝም ይላሉ፤ እኔም እጠብቃለሁ። አንድ ጊዜ አሥራ አንድ ደቂቃ ጠብቄአለሁ፤ ሰዓት የያዘችብኝ ተማሪ ነግራኛለች። አንድ ያስነጠሰ ወይም የሳለ እንደሆነ ተራ እሰጠዋለሁ። «ቆይ አንዴ» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውልኛል፤ በስሙ አልከፋኝም።

ጠዋት ጠዋት አዳራሹን ስከፍት የዚያች የትንሿ አገር ካርቶን ቆሞ አገኘዋለሁ። የጽዳት ሠራተኛዋ «ጠረጴዛውን ስወለውል አቁሜው ረስቼው ነው» ትላለች፤ አምናታለሁም። ታዲያ ለምን የሌሎቹን አትረሳም ብዬ ግን አልጠየቅኋትም። መልሷን ስለምፈራ አስተኝቼው ትምህርቴን እጀምራለሁ።

10. በመሆኑም ከዚህ የሚከተለው እንዲፈጸምልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

ሀ) በሟቹ መዝገብ ላይ ያለው «በራሱ ስምምነት የተሰናበተ» የሚለው ማስታወሻ በአንድ መስመር ተሰርዞ፣ ከጎኑ «አልተጠየቀም፤ አልተስማማም» ተብሎ እንዲጻፍ። ያረመው ሰው ይፈርምበት ከተባለ እኔ ለመፈረም ዝግጁ ነኝ።

ለ) አሥራ አንዱ ገጾች በስሙ ተቆጥረው ውጤቱ እንደገና እንዲሠራ።

ሐ) የእኔ ውጤትና ቅጥር እንዲመረመር። ይህን የምለው ለይምሰል እንዳልሆነ ለማስረዳት ሰሞኑን የአዳራሹን ቁልፍ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አስረክቤ ደረሰኝ ተቀብያለሁ።

ከሦስቱ አንዱን ብቻ መፈጸም የሚቻል ከሆነ ሀን ይፈጽሙልኝ።

11. ይህ አቤቱታ ሌላ ሰው ሳይሰማው ወደ እርስዎ መድረስ የለበትም ብዬ ባለፈው ቅዳሜ ወደ እናቱ ቤት ሄጄ ከመጀመሪያው መስመር እስከ ተራ ቁጥር 10 አነበብኩላቸው። ሻይ አቅርበውልኝ ነበር፤ ሳልነካው ቀዘቀዘ። ተራ ቁጥር 8 ላይ ስደርስ ታናሽ እኅቱ ወረቀቱን ተቀብላኝ እሷ ጨረሰችው።

እናቱ ረዥም ጊዜ ዝም አሉ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም። ረግሜሃለሁም አላሉኝም። እኔ ከእንግዲህ የሰው ዝምታ ላይ ምንም አልጽፍምና እንዲሁ ዝም አሉ ብቻ ብዬ አስፍሬዋለሁ።

በመጨረሻ ቀና ብለው አንድ ነገር ጠየቁኝ። ሃያ ሁለት ዓመት በካርድ ክፍሉ መስኮት በኩል ተሰልፎ የሚያስል ሰው ሲሰሙ የኖሩ ናቸው፤ የጠየቁኝም በሥራ ድምፃቸው ነው። «ሳሉ ደረቅ ነበር ወይስ አክታ ያለው?» አሉኝ።

አላውቅም አልኳቸው። ያን ያህል አልቆየሁም።

ለክቡርነትዎ ካለኝ ከበሬታና ከሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ቃለ ጉባኤውን የጻፈው